ማካፈልን ለብቻው አታስተምሩት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከደብረ ማርቆስ ነው የማወራችሁ። ዛሬ የልጆችን ሂሳብ አንስቼ ባወራ ደስ ይለኛል።

ልጆች ማባዛትን በዜማ ነው የሚይዙት። ማካፈል ላይ ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ ይደነግጣሉ፤ ሌላ ትምህርት የመጣ ይመስላቸዋል። እኔ ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክምር ፍሬ መማር አለባቸው ባይ ነኝ።

የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት። 30 ፍሬ ሽምብራ ቆጥሬ ሰጠኋትና «ለ5 ልጆች እኩል አድይ» አልኳት። አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ እያለች ዞረች። ለእያንዳንዱ 6 ደረሰው። ሽምብራውን መልሼ ሰበሰብኩና «አሁን ደግሞ አምስት አምስት አድርገሽ መድቢው» አልኳት። በአንዴ አምስት እየዘገነች 6 ክምር አወጣች።

እጇ የሠራው ሥራ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ስንት ክምር ይወጣል?» ነው። ደብተር ላይ ግን ሁለቱም 30 ሲካፈል ለ5 ተብለው ይጻፋሉ። ልጆች የሚምታታባቸው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

መልሱ ለምን አንድ ሆነ? እጇን ልብ ብላችሁ እዩ። ለአምስቱ ልጆች አንዴ አድላ ስትጨርስ ከክምሩ 5 ፍሬ ወጥቷል። ማደሉም ለካ አምስት አምስት ማንሳት ነው! ይህን ስታይ «አክስቴ፣ አምስት በስድስት እኮ ነው» አለችኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እኛ ጎጃም ውስጥ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ ሲማር ያካፍላል። 2018 ዓ.ም.ን ውሰዱ። በዚህ ስሌት ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚታሰበው 5500 ዓመት ሲጨመርበት 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ ነው፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ልክ መሆኑን ለማየት 1879ን በ4 አባዙ፣ 7516 ይመጣል። የተረፈውን 2 ስትጨምሩ 7518 ላይ ትመለሳላችሁ። ልጅ የማካፈል መልሱን አርሙልኝ ሲል እስክርቢቶ አታንሱ። አባዝቶ ራሱ ይረመው።

ቤት ውስጥ ደግሞ 5፣ 6 እና 30ን ወረቀት ላይ ጻፉለት። በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሁለት የማባዛት፣ ሁለት የማካፈል ዓረፍተ ነገር ያውጣ። ሽምብራውም አጠገቡ ይሁን።

አንዳንዱ ልጅ «5ን ለ0 ማካፈል ለምን አይቻልም?» ብሎ ይጠይቃል። «አይቻልም» ብላችሁ አትለፉት። በ0 ተባዝቶ 5 የሚሆን ቁጥር ፈልግ በሉት፤ ጊዜም ስጡት።