ወፏ ስትደርስ አባጨጓሬው አልፏል

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ!

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። የተሰጡኝን ጥቂት ደቂቃዎች ስለ አንዲት ወፍ ላውራባቸው።

ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት ትንሽ ወፍ ናት። የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ ምዕራብ አፍሪካ ትቆያለች። ፀደይ ሲቃረብ ሰሃራን አቋርጣ ትመለሳለች። ጫጩቶቿን የምታሳድገው የኦክ ዛፎች ላይ በሚፈላው አባጨጓሬ ነው። እሱ ደግሞ የሚበዛው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ዛፉ ለጋ ቅጠል ያወጣል፣ አባጨጓሬው ይፈለፈላል፣ ወፏ ትደርሳለች። ሦስቱ ቀጠሯቸውን አክብረው ኖረዋል።

አሁን ፀደዩ ቶሎ ይሞቃል። ዛፉና አባጨጓሬው ሙቀቱን ተከትለው ቀናቸውን አስቀደሙ። ወፏ ግን ለጉዞ የምትነሳው በቀኑ ርዝመት እየተመራች ነው። አውሮፓ ቶሎ መሞቁን አፍሪካ ሆና በምን ትወቅ? ስትደርስ ማዕዱ ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት እንዳሳየው፣ አባጨጓሬው በጣም በቀደመባቸው ጫካዎች የወፏ ቁጥር በሁለት አስርት ዓመታት ገደማ 90 በመቶ ያህል ወርዷል።

የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ሁላችንም ሙቀቱን እናስባለን። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የቀጠሮው መፍረስ ነው። ከዓለም ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች 75 በመቶ ያህሉ፣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ የአበባ ብናኝ የሚያመላልሱላቸው ንቦችና ሌሎች እንስሳት ይፈልጋሉ። ንቧ ሳትወጣ አበባው ፈክቶ ቢረግፍስ? ያ ኪሳራ ቀጥታ ገበታችን ላይ ነው የሚመጣው።

ባሕር ውስጥ ደግሞ ድንጋይ የሚመስለውን እንስሳ፣ ኮራልን እዩ። ቀለሙንም አብዛኛውን ምግቡንም የሚሰጡት ገላው ውስጥ የሚኖሩ፣ አልጌ የሚባሉ ዕፅዋት መሰል ደቃቅ ሕያዋን ናቸው። ውኃው ከለመደው ከፍተኛ የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል። ነጭ አጥንት መስሎ ይቀራል። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ሊያገግም ይችላል፤ ካልሆነ በረሃብ ይሞታል። የአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ፣ ኮራሎች የገነቡት ግዙፍ የባሕር ውስጥ ዐለት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 ሁለት ዓመት በተከታታይ እንዲህ ነጥቷል። ለማገገም ፋታ እንኳ አላገኘም።

ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ አይሞሉም። ግን ከባሕር ዝርያዎች ሩብ ያህሉን ያስጠልላሉ፣ ማዕበልን ሰብረው የባሕር ዳር ሰፈሮችን ይጠብቃሉ። የዓለም ሳይንቲስቶችን ጥናት የሚገመግመው የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳለው፣ ዓለም ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረችበት በ1.5 ዲግሪ ከሞቀች ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ኮራል ይጠፋል። በ2 ዲግሪ ከሆነ ከ99 በመቶ በላይ። ግማሽ ዲግሪ ብላችሁ አትናቋት፤ የሚተርፈው ኮራል ያለው በዚያች ግማሽ ዲግሪ ውስጥ ነው።

«ተፈጥሮ ራሷን ታውቃለች፣ ትላመዳለች» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ ትላመዳለች። ግን ጊዜና መንገድ ትፈልጋለች፤ እኛ ሁለቱንም ነስተናታል። ሙቀት ሸሽቶ ወደ ተራራ የሚወጣ እንስሳ መሀል ላይ አስፋልትና አጥር ይገጥመዋል።

ስለዚህ ዓለምን የሚያሞቁትን ጋዞች ልቀት መቀነስ ይቅደም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ቀጥሎ የቀረውን አለመንካት። ችግኝ መትከል እንወዳለን፣ ጥሩ ነው። ግን ፒት የሚባለው ረግረግ መሬት ከየብሱ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሸፍኖ ከዓለም ደኖች ዕፅዋት ሁሉ የበለጠ ካርቦን ይዟል። ሲደርቅ ያንን መልሶ ይለቀዋል። ረግረግ እያደረቁ ችግኝ መቁጠር ለእኔ ሥራ አይደለም።

ወንበራችሁ ላይ አንድ ቅጽ አለ። በምታውቁት ስፍራ ዛፉ ያቆጠቆጠበትን፣ የመጀመሪያው አበባ የፈካበትን፣ ወፎቹ የገቡበትን ቀን የምትመዘግቡበት ነው። ከምሳ በኋላ በዕቅድ ውይይቱ የመዝገቡን አሠራር እንወስናለን። እስከዚያ እያንዳንዳችሁ አንድ ስፍራ ምረጡ።

ጉባኤያችን ተከፍቷል።