በየትኛው ሕግ? በፒያሳ ለጎዳና ከያንያን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ወላጆችና ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ነገሬን ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቅ የእግረኛ መንገድ ላይ ካየሁት ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት፣ ሃያ ዓመት እንኳ የማይሞላው ልጅ የክራሩን ከረጢት ከፊቱ አንጥፎ ይጫወታል፤ ሰውም ከበብ ብሎ ይሰማል፤ ከረጢቱ ላይ ጥቂት የብር ኖቶች ወድቀዋል። የደንብ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው መጣና «እዚህ መጫወት ክልክል ነው» አለው። ልጁ አንድም ቃል ሳይመልስ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ከልካዩን ተጠግቼ በየትኛው ሕግ እንደከለከለ ብጠይቀው፣ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም በትሕትና፣ «ክልክል መሆኑን ነው የነገሩኝ» አለኝ። ልጁን ተከትዬ ስደርስበት ደግሞ «ክልክል መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። በጥብቅና ሙያ ስኖር ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ወገኖች አንድም ቀን ባላዩት ሕግ ሲስማሙ ያየሁት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ጥበቡን የሚያቀርብ ሰው «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ከማለቱ በፊት «በየትኛው ሕግ?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። አባቶቻችን በመንገድ የተጣሉትን «በሕግ አምላክ» ብለው ያቆሙ ነበር፤ ቃሉ የተነገረበት ሰውም ዱላውን ጥሎ ወደ ዳኛ ይሄድ ነበር። አዋጅ ለሕዝብ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ ስለነበረ፣ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ፤ የከተማችን ሕጎችም ዛሬ የሚወጡት አዲስ ነጋሪ በሚባል ጋዜጣ ነው። በዚህ አገር መጀመሪያ ከበሮ አስይዞ አደባባይ የወጣው ሕጉ ራሱ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

እናንተን የሚነኩት ሕጎች በአንድ መጽሐፍ ተጠርዘው አይገኙም። ከላይኛው እንነሳ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽን ነጻነት ሲደነግግ ከቃል፣ ከጽሑፍና ከኅትመት ጋር ሥነ ጥበብን በስሙ ጠርቶታል። አንቀጽ 41 ደግሞ ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት ይሰጣል፤ በንኡስ አንቀጽ 9ም መንግሥት ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። የአንቀጽ 29 ነጻነት ገደብ የለውም ማለቴ አይደለም፤ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብር ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ ይችላል። ነገር ግን የሚገደበው በሕግ ነው፤ አስተሳሰቡ አላስደሰተኝም በማለትም መገደብ አይቻልም።

ይህን በቀላሉ እንዳናልፈው አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የፋሺስቱ አስተዳደር በዚህችው ከተማ ካስገደላቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ነበሩበት፤ የተወነጀሉትም በአገዛዙ ላይ ሊወርድ ነው የተባለውን መዓት በሕዝብ መካከል ያወራሉ ተብለው ነው። መሰንቆ ይዞ በመንደር የሚዞር ሰው ጠመንጃ የታጠቀ ኃይልን ምን ያህል ሊያስፈራ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚመሰክር አላውቅም። እንግዲህ ማንም ከልካይ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ የምትለዩት ይህን ነው፦ የከለከላችሁ የምትሉትን ጠልቶ ነው ወይስ የቆማችሁበትን ቦታና የምታሰሙትን ድምፅ ዓይቶ? በመጀመሪያው ሕገ መንግሥቱ ከእናንተ ጋር ነው። በሁለተኛው ግን ከተማዋም መብት አላት፤ ብዙውን ጊዜም ትክክል ናት።

ስለ ቦታ ስናነሳ አንዳንድ ጊዜ የሚጠቀስባችሁ የ1983ቱ አዋጅ ቁጥር 3 ነው፤ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን የሚጠይቀው ማለቴ ነው። ስሙ እንደሚናገረው አዋጁ የወጣው ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስለ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት ነው። በእኔ አስተያየት ክራር የሚሰማ አሥራ አምስት ሰው ሰልፈኛ አይደለም። ይሁን እንጂ እነዚያ አሥራ አምስት ሰዎች በ2016 ዓ.ም. በታደሰው የአራት ኪሎና የፒያሳ መንገድ ላይ ሲቆሙ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት ወደ አስፋልት ካወረዱ፣ ወይም ለዓይነ ስውራን የተነጠፈውን ሸካራ መስመር ከዘጉ፣ አስከባሪው ቢያስነሣችሁ የሚከራከርላችሁ ጠበቃ አታገኙም፤ እኔም አልከራከርላችሁም። የሕንፃ በረንዳና የግቢ ፊት ለፊት ደግሞ የባለቤቱ ናቸውና ጥበቃው ተነሡ ቢል ሕግ መጥቀስ አይጠበቅበትም። በቤተ መንግሥት አካባቢ፣ በጸሎት ሰዓት በአራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ወይም በአንዋር መስጊድ በር፣ በደመራ ዋዜማ በመስቀል አደባባይ ለመጫወት ለሚያስብ ሰው ሕጉን ከማስረዳቴ በፊት ጤንነቱን እጠይቀዋለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ጭቅጭቅ የሚያስነሣው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል። የአካባቢ ጥራት ደረጃውም ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው)፣ ለንግድ ሰፈር በቀን 65፣ በሌሊት 55 ዴሲቤል ይፈቅዳል። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በመደበኛ ድምፅ ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል ገደማ ስለሚደርስ፣ ወሰኑ ጠባብ መሆኑን ከዚህ ትገምታላችሁ። መሰንቆ ወይም ዋሽንት ብቻውን እምብዛም ክስ አያመጣም፤ ሞንታርቦ የተከለበት ዕለት ግን ጎረቤት ሁሉ ሕግ ዐዋቂ ይሆናል። በቸርችል ጎዳና ወርዶ በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የሚጫወት ሰውና ከኋላው ባለው ሰፈር ውስጥ የሚጫወት ሰው በመቶ ሜትር ልዩነት በሁለት የተለያዩ ወሰኖች ሥር ሊወድቁ ይችላሉ፤ ከፊታችሁ ሱቅ ቢኖርም ከላያችሁ ባለው ፎቅ የሚተኛ ሰው ካለ፣ ቀና ብላችሁ መስኮቱን ተመልከቱ። እርግጥ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች በመለኪያው ሕግ ሌሊት ላይ ናቸው፤ በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆችም የምሽቱን 3 ሰዓት የሚጠብቁ አይመስለኝም። በእነርሱ ደጅ ግን መለኪያ ይዞ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ይዟቸው የመጣውን ቀን ያውቃል፣ ተሸልመው እንደሚሄዱም ያውቃል። ከሕግ በፊት መተዋወቅ ይሠራል።

ስለ ድምፅ የሌላ አገር ምሳሌም ላንሣ። የኒው ዮርክ ከንቲባ ላጋርዲያ እ.ኤ.አ. በ1936 የጎዳና ሙዚቀኞችን ከልክለው፣ ክልከላው የተነሣው በ1970 ነበር። ዛሬ በዚያች ከተማ የእግረኛ መንገድ ላይ ያለ ድምፅ ማጉያ ለሚጫወት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ማጉያ የሚተክል ግን ከፖሊስ ጣቢያ ፈቃድ ያወጣል። ይህን የምነግራችሁ እንድንቀዳው አይደለም፤ ከወረዳ ጋር ስትነጋገሩ ማጉያ ያለበትንና የሌለበትን ለይታችሁ እንድትጠይቁ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የሚሸለም ሰው ለማኝ አይደለም፤ አዝማሪ ሲሸለም ኖሯል። አልፎ አልፎ «ቦዘኔ» የሚለው ቃል ይወረወርባችኋል። የ1996ቱ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 የሚመለከተው መሥራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው፣ እሱንም አደገኛ ብሎ ከዘረዘራቸው ድርጊቶች ጋር ሲገኝ ነው፤ በጥበቡ የሚያድር ሰው መተዳደሪያ አለው። ከሽልማቱ አልፋችሁ ከረጢቱ አጠገብ ሸቀጥ ከዘረጋችሁ ግን ንግድ ነው፤ የንግድ ፈቃድ ይከተለዋል።

የሰው ዘፈን የምትጫወቱም፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት መብቱን እንደሚጠብቅ ዕወቁ። ወላጆችም አደራ፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተከለከለ ነው፤ ልጅን ለሽልማት ሌሊት ጎዳና ላይ ማቆምን በዚያው ዓይን እንድታዩት እለምናችኋለሁ።

አስከባሪ ሲመጣ መሣሪያውን ዝም አሰኙ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ከዚያ የሕጉን ስምና ቁጥር ጠይቁ፤ ተነሡ ከተባላችሁ ተነሡና በማግሥቱ ተከራከሩ። ክራር ወይም ሞንታርቦ ከተወሰደባችሁ የተወሰደበትን ምክንያትና ዕቃውን የሚገልጽ ፊርማ ያለበት ወረቀት ሳትይዙ አትለዩ። ከተያዛችሁም አንቀጽ 19 ምክንያቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ወዲያው እንዲነገራችሁና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንድትቀርቡ ያዛል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ ማመልከት ነው። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመሣሪያውን ዓይነትና ማጉያ መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ የአንድ ገጽ ማመልከቻ ለወረዳው አስገቡ፤ ቅጂው ላይ መዝገብ ቤት የገባበትን ቁጥርና ቀን ሳታስጽፉ አትውጡ። «መመሪያ አለ» ከተባላችሁ መመሪያውን ጠይቁ፤ በመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት አካል ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት ይጠበቅበታል።

ከየወረዳው የመጣችሁ እንግዶቻችንንም የምለምነው ይህንኑ ነው፦ የሚፈቀዱትን ቦታዎችና ሰዓቶች በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለጥፉልን፤ አስከባሪዎቻችሁም ቅጂውን በኪሳቸው ይያዙት።

በመግቢያዬ ያነሣሁት ባለ ክራር ወጣት ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ማመልከቻውን አብረን ጽፈን አስገብተናል፤ የገባበት ቁጥርም ተጽፎበታል። መልሱን እየጠበቅን ነው። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ የእናንተን ማመልከቻ ለመጻፍም ከመድረኩ እንደወረድኩ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ።