የድኃ ቅድመ አያት ስም የት ይገኛል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የባለጉልትን፣ ማለት ከመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት የተሰጠውን ሰው፣ ዘር መቁጠር አይከብድም፤ መዝገቡ የተጻፈው ለእርሱ ነው። ዘንድሮ ትኩረታችን በክፉ ቀን መሬታቸውን በሸጡትና ጢሰኛ ሆነው፣ የሌላ ሰው መሬት እያረሱ፣ በኖሩት ላይ ይሁን። እነርሱን በባለቤትነት ስም መፈለግ ድካም ነው። ሻጭ፣ ዋስ፣ ምስክር ወይም አዋሳኝ ሆነው ግን ይገኛሉ።

ከጎንደር ዘመን ጀምሮ የመሬት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ኃላፊ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዳችሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ ገጹን ሙሉ አንሡ። የአያታችሁን መስመር ብቻ ካነሣችሁ ዘመኑን የሚነግሯችሁ ንጉሡ፣ ጳጳሱና ዳኛው ይቀራሉ። ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ስለሚጠሩ፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጊዜ፣ «በዘመነ ሉቃስ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ቢገጥማችሁ ዓመቱ 1867፣ 1871፣ 1875 ወይም 1879 ነው። ጳጳሱ አቡነ አትናቴዎስ ከተጠሩ 1867 ብቻ ይቀራል፤ ተከታያቸው አቡነ ጴጥሮስ ከሆኑ 1875 ወይም 1879።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ስም ነው። አንዱ ሰው በመሬት ውል በዓለም ስሙ፣ በጸሎት መታሰቢያ በክርስትና ስሙ ይገባል፤ ወልደ ሚካኤል የሚባል ደግሞ በየአጥቢያው አለ። ስለዚህ የአባት ስምና የአዋሳኞቹ ስም አብረው ካልገጠሙ ዘር አትቀጥሉ። የአባት መስመር ሲጠፋ ወደ እናት ዙሩ፤ ርስት በእናትም ይወረሳልና የክርክር መዝገብ ሴት አያቶችን ይዘረዝራል።

ስለ ግብር ደረሰኝ፦ በ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ፣ በሸዋ፣ በአርሲና አዋጁ በሸፈናቸው ሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች፣ ለአንድ ጋሻ አሥራትን (ከምርት አንድ አሥረኛ ይባል የነበረውን ግብር) ጨምሮ ለም 50፣ ለም ጠፍ (ከፊል የለማ) 40፣ ጠፍ (ያልለማ) 15 ብር ይከፈል ነበር። በለም መሬት 12 ብር ከ50 የከፈለ ሰው ሩብ ጋሻ፣ ወደ 10 ሄክታር ግድም፣ ነበረው ማለት ነው። ከ1940 ወዲህ የትምህርት ግብር ስለተጨመረ በዚህ ስሌት አትሥሩ። ጢሰኛው በደረሰኙ ላይ የለም፤ አሥራቱን ከምርቱ ቢያወጣም ስሙ የባለመሬቱ ነው። እርሱን በአጥቢያ ዳኛና በወረዳ ፍርድ ቤት የዕዳና ከመሬት የመንቀል ክርክሮች ውስጥ ፈልጉት።

ደረሰኝ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከምሳ በፊት ለጸሐፊያችን ስጡና የፊቱም የጀርባውም ፎቶ ይነሣ፤ ጀርባው ላይ የቺቃ ሹሙ፣ ማለት የመንደሩ ሹም፣ ስም ተጽፎ ከተገኘ ቀበሌውን ሊያሳውቅ ይችላል።