ቅጠሉ አይጧን አዳነ፣ ከዚያስ?

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። በየጊዜው «ለወባ ፍቱን የሆነ ቅጠል ተገኘ» የሚል ወሬ ይዞራል አይደል? ጥናቱን ከፍታችሁ ብታዩት ብዙውን ጊዜ ያው የአራት ቀኑ የአይጥ ሙከራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጫጭ አይጦች ወባ ያለበት ደም ሆዳቸው ላይ ይወጋሉ፣ ለአንዷ ወደ 10 ሚሊዮን የተለከፉ ቀይ የደም ሴሎች። ከዚያ በቡድን ይከፈላሉ፤ ገሚሱ የብሳና ወይ የሌላ ቅጠል ጭማቂ በተለያየ መጠን ይሰጠዋል፣ አንዱ ቡድን ክሎሮኪን የሚባለው የታወቀ የወባ መድኃኒት፣ አንዱ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ። በአምስተኛው ቀን ከጭራቸው ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰድና መስታወት ላይ ይቀባል፣ ጊምዛ በሚባል ማቅለሚያ ይቀለማል፣ በቃ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ የተለከፈውንና ጤነኛውን ሴል መቁጠር ነው። አንገት ያደርቃል።

እኔን የሚገርመኝ ክሎሮኪን ነው። ይህን ፈተና ሁሌ ይደፍነዋል! እኛ አገር ግን ፋልሲፓረም ለሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ከተውነው ቆየ፤ መጀመሪያ በፋንሲዳር፣ በፈረንጆቹ 2004 ደግሞ በኮአርተም ተተክቷል፣ ሁለቱም የወባ መድኃኒቶች ናቸው። አይጧ ላይ ያለው በርጌይ የሚባል የአይጥ ወባ ነዋ፣ ለሙከራ የሚመረጠውም አብዛኛውን ጊዜ ለክሎሮኪን የሚሸነፈው ዘር ነው። የሰውኛው ፋልሲፓረም ግን መድኃኒቱን ከለመደው ሰነበተ። አይጧን ያዳነ ሁሉ ሰውን ያድናል ማለት አይደለም።

ታዲያ አይጧን እንናቃት? አይ። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ የአሪቲ ዘመድ በሆነ ተክል ላይ ስትሠራ ውጤቱ አንዴ ደህና አንዴ ደካማ እየሆነ አስቸገራት። ኋላ አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ ላይ ቅጠሉን በውሃ ነክረህ ጨምቀህ ጠጣ የሚል አየች፤ መቀቀል የለም። ሙቀቱ ይሆናል የሚያበላሸው ብላ በትንሽ ሙቀት በሚተን፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው። 1971፣ ናሙና ቁጥር 191፣ አይጦቹ ደም ውስጥ ተውሳክ ጠፋ። ሰው ከመታከሙ በፊት እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ወሰዱት። ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ጭማቂው በምን እንደወጣ ነው። ላብራቶሪው ብዙ ጊዜ ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ያወጣዋል፣ ሰፈር ያሉት አዋቂ አባት ደግሞ በውሃ ዘፍዝፈው ነው የሚያጠጡት፤ ሁለቱ አንድ መድኃኒት አይደሉም። ጥናቱ ላይ ይህ በግልጽ ይጻፋል፣ ወሬው ላይ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።