የአባት ስም

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ተኝታለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቤ ነው የማወራችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት ከቤይሩት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሰባት ዓመት ሆኗታል እዚያ። የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። አባቱ አብሯቸው የለም። “መግባት እፈልጋለሁ” አለችኝ። “ግን ልጅ ታቅፌ እናቴ ደጅ እንዴት ብዬ እቆማለሁ? ምን ይሉኛል?” ከኋላዋ ልጁ “ማማ፣ ማማ” ሲል ይሰማል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። መልስ መጻፍ ጀመርኩና ተውኩት። በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። እህቴ፣ ይሄ ላንቺ ነው። ሌሎቻችሁም አብራችሁን ስሙ።

እኔ የሄድኩት በ2003 ነው፣ በኮንትራት። ሃያ ዓመቴ ነበር። ደሞዜ በወር 150 ዶላር። ሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ አላት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1946 የወጣ። ግን የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። ሕጉ ራሱ ነው ለይቶ ያስወጣን። እኛን የሚመለከተን ካፋላ የሚባለው አሠራር ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው። ከዚያ ቤት እግርሽ ከወጣ ፈቃድሽም አለቀ። ፓስፖርትሽ ማዳም ጋ ነው። እኔ በሦስተኛው ዓመት ጠፋሁ። ለምን እንደጠፋሁ ሌላ ቀን አወራዋለሁ፤ እሱ ለብቻው ቀን ይፈልጋል።

ልጄ የተወለደችው ጥር 2008 ነው። ስለ አባቷ የምላችሁ ትንሽ ነው። የሌላ አገር ሰው ነው። ሳትወለድ ሄደ። ከዚህ በላይ አልናገርም። ታሪኩ የኔ ብቻ አይደለም፣ የልጄም ነው።

የሊባኖስ ዜግነት የሚወረሰው ከአባት ነው። እኔ ደግሞ ፈቃድ የሌለኝ የውጭ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሙሉ የነበራት ሰነድ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ሆስፒታሉ የሰጠን፣ በአረብኛ የተጻፈ። በላስቲክ ጠቅልዬ ፍራሽ ሥር አስቀምጠው ነበር። ሌሊት እነሳና እጄን ሰድጄ መኖሩን አያለሁ።

የኖርነው ዶራ ነው። ቤይሩት የኖረ ሁሉ ዶራን ያውቃል፤ እሁድ እሁድ ያገራችን ሰው የሚገናኝበት ሰፈር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሴቶች ነበርን። በየተራ እንሠራለን፣ በየተራ ልጄን እንይዛለን። ያሳደግኳት እኔ ብቻ አይደለሁም። እነዚያ ሦስት ሴቶች ከሥራ መጥተው፣ እግራቸው አብጦ፣ ልጄን አቅፈው ያስተኙልኝ ነበር። ዛሬ አንዷ ጂማ ናት፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዷ እዚያው ቀርታለች። ለሦስቱም ዕዳ አለብኝ፣ ተከፍሎ የማያልቅ።

በ2012 ሁሉም ነገር ተናደ። አንድ ዶላር ለዓመታት 1,500 ሊራ ነበር፤ ያን ክረምት በጥቁር ገበያ ከ8,000 አለፈ። ደሞዝ በዶላር መክፈል ቀረ። ቀጥሎ ደሞዝ የሚባለው ራሱ ቀረ። አሠሪዎች ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው በመኪና አምጥተው ቆንስላው በር ላይ አራግፈዋቸው ይሄዱ ነበር። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። አስፋልት ላይ፣ ካርቶን አንጥፈው። ከዚያ ሐምሌ 28 ወደቡ ፈነዳ። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠው። ከ200 ሰው በላይ ሞተ። ዶራ ከወደቡ ሩቅ አይደለም። ልጄ ሁልጊዜ የምትጫወተው አልጋው ላይ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ያን ቀን መሬት ወርዳ ነበር። መስታወቱ በሙሉ አልጋው ላይ ረገፈ።

በማግስቱ ነው የወሰንኩት። ሊሴ ፓሴ የሚባለውን የጉዞ ሰነድ አውጥተን፣ መስከረም 2013 አንድ ሻንጣ ይዘን ቦሌ ወረድን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ምን ይሉኛል ነው ያልሽው። አዎ፣ ይላሉ። አልዋሽሽም።

የኔን እናት ልንገርሽ። አቅፋ ሳመችኝ፣ አለቀሰች፣ ልጄን ሳመቻት። ገንፎ ተገነፋ። ሁሉም ደህና መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤት ቡና ጠራን። ቁጭ እንዳልን አንዲት ሴት ልጄን አየት አደረገችና “አይ፣ እናቷ ምስኪን፣ መቼ ነው የምትመጣው?” አለችኝ። አልገባኝም። ሲኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለካ እማዬ “የጓደኛዋን ልጅ አደራ ተቀብላ ነው ያመጣቻት” ብላ ለሰፈሩ ነግራለች። ያኔ ልጄ ከደጅ ሮጣ መጥታ ጉልበቴ ላይ ወጣች። “ማማ፣ ጠማኝ” አለች። ቤቱ ዝም አለ። ውሃ ቀዳሁላት። “የኔ ናት” አልኩ። “እኔ ነኝ የወለድኳት።” ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን አልኩት።

እማዬ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ልጄን ገላዋን አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ሹሩባ ሠርታላት አገኘኋት። ዛሬ እናቴን አልወቅሳትም። ሰፈር ውስጥ የኖረችው እሷ ናት። ወሬውን የምትሸከመውም እሷ ናት። ግን ያን ቀን በጣም ነው ያመመኝ። ልጄን ከደበቁብኝ እኔንም ደብቀውኛል።

አባባን ደግሞ ልንገራችሁ። ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በመጣን በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጓሮ ፀሐይ ሲሞቁ ልጄ ሄዳ ፊታቸው ቆመች። “አንቺ፣ ምን ትሠሪያለሽ?” አለቻቸው። እኔ ደነገጥኩ። እኛ ቤት አባባን አንቱ እንጂ አንተ ብሎ የጠራ ልጅ የለም፣ እንኳን አንቺ። ላርማት ሮጥኩ። መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ይቺ ልጅ አማርኛ የለመደችው አራት ሴቶች ካሉበት ክፍል ነው። አንዳችን ሌላችንን አንቺ ስንባባል ነው የሰማችው። በአማርኛ ወንድ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም። ለእሷ ሰው ማለት አንቺ ነው።

እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። አባባ ግን ቀና ብለው አዩዋትና “ፀሐይ እየሞቅኩ ነው፣ ነይ አንቺም ሙቂ” አሏት። በኋላ አስተምራታለሁ ስላቸው “ተያት” አሉ። ለሌላው ሰው ቀስ በቀስ ተማረች። ለእሳቸው ግን 10 ዓመት ሆኗትም አንቺ ነው የምትላቸው። እንዳትተው የነገሯት እሳቸው ናቸው።

ያን ዓመት ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ፎርሙን ታውቁታላችሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል “የአባት ስም?” አለችኝ። ዝም አልኩ። “የአባት ስም?” ደገመችው። የለም አልኳት። “ሞቷል? እንግዲያውስ ማስረጃ አምጪ።” አልሞተም አልኩ። ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። የሰፈር ሰው ነው ሰልፉ። “ያለ አባት ስም አልመዘግብም” አለች። የልጄን እጅ ይዤ ወጣሁ።

በብዙ አገር ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነው፣ እናትም አባትም ጋ ይገኛል። እኛ ጋ ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚቆመው አባት ራሱ ነው። ስሙ ነው ሰውየው። እሱ ከሌለ ክፍት ቦታው ልጅቷን እየተከተለ ይሄዳል፤ ክሊኒክ፣ ቀበሌ፣ ፈተና ክፍል፣ ስም በተጠራ ቁጥር። ይሄን ውጭ ሆኜ አስቤው አላውቅም ነበር። እህቴ፣ አንቺ ከአሁኑ አስቢበት።

ማታ ለአባባ ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። በማግስቱ ማለዳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን ኪሳቸው ከተው በር ላይ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። አብረን ሄድን። መዝጋቢዋ ፊት ቆሙ። “የኔን ስም ጻፊ” አሏት። “የአያት የሚለው ላይ የአባቴን።” እሷ እናቲቱስ ስትል “እናቷ ልጄ ናት። ይቺም ልጄ ናት” አሏት። ተጻፈ።

ስለዚህ እኔና ልጄ ወረቀት ላይ እህትማማቾች ነን። ከስማችን ቀጥሎ ያለው አንድ ነው። ባንክ ስሄድ፣ ሐኪም ቤት ስሄድ “እህትሽ ናት?” ይሉኛል። መጀመሪያ ያመኝ ነበር። አሁን የልደት ምስክር ወረቀቷን አወጣለሁ፣ የእናት ስም በሚለው ላይ እኔ አለሁ። ያንን ወረቀት ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል። የአረብኛውን ማስተርጎም፣ ምስክር ማቆም፣ ነገ ተመለሺ መባል። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው “ልጅቷ የውጭ ዜጋ አይደለችም ወይ?” ብሎኛል። አይደለችም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ላይ ተጽፏል፤ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅም፣ ቁጥር 378 ነው፣ ይሄንኑ ይላል። አንቀጽ 36 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። እነዚህን ቁጥሮች በቃሌ ያዝኳቸው። አንቺም ያዢያቸው። የሆስፒታሉን ወረቀት ደግሞ ዋናውን እንዳትጥዪው፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው፣ ለምታምኛት ሰውም ላኪላት።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። የላክሁት አልቆ ነበር። የብዙዎቻችን ታሪክ ነው፣ ታውቂዋለሽ። አኩርፌ ታረቅሁ።

እንጀራዬን ያገኘሁት በልጄ አፍንጫ ነው። ስንመጣ ምንም አልበላ ብላ ነበር። እንጀራው ከዶራው ይለያል ትላለች፣ ሽሮ አቃጠለኝ ትላለች። ከሳች። አንድ ቀን እማዬ የጦስኝ ሻይ ስታፈላ ልጄ ከጓዳ ብቅ አለችና ዓይኗ በራ። “ዛዕተር!” አለች። ዶራ ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤት የምንገዛው፣ ዛዕተር የሚባል የቅጠል ቅመም በዘይት ተለውሶ የተቀባበት ቂጣ ነበር። ጦስኙን አሸተትኩት። እውነትም ዘመድ ናቸው። የልጅነት ዕድሜዬን ሁሉ ጦስኝ ስጠጣ ኖሬ፣ እዚያም ዘጠኝ ዓመት ዛዕተር እየበላሁ፣ አንድም ቀን አላገናኘኋቸውም። ጦስኙን አድርቄ ወቀጥኩ፣ የተቆላ ሰሊጥና ጨው ጨመርኩ፣ በዘይት ለውሼ ሊጡ ላይ ቀባሁት። ሁለት በላች። ዛሬ መናኸሪያው አካባቢ ያንን ቂጣ ከሻይ ጋር እሸጣለሁ። ጦስኙ ከመንዝ ይመጣልኛል።

ሁሉም ነገር አልፏል እያልኩሽ አይደለም። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከተማችን በተፈናቃይ ስትሞላ፣ ልጄ ማታ ተነስታ መስኮቱን ከፈተችው። ብርዱ ገባ። “ማማ፣ ከተከፈተ አይሰበርም” አለችኝ። አልዘጋሁትም። ጋቢውን ደርበን ተኛን። ከአንድ መቅሠፍት አውጥቼ ወደ ሌላ ያመጣኋት መስሎኝ ያን ሌሊት አልተኛሁም።

እና፣ እህቴ፣ ነይ ወይም ቅሪ አልልሽም። ልጅሽን ግን አትደብቂው። ማንም የጓደኛዋ ልጅ ነው እንዲልልሽ አትፍቀጂ። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ቡና ላይ፣ የኔ ነው በዪ። እኔ ሦስት ሳምንት ዘግይቻለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከመምጣትሽ በፊት ደግሞ ከዘመድሽ መሀል ስሙን የሚሰጥሽ ሰው ፈልጊ። አባት፣ ወንድም፣ አጎት፣ አንድ ሰው አይጠፋም። ደውዪና ለምኚው። ይሄ ልመና አያሳፍርም።

ባለፈው ወር ልጄን ፀጉሯን እያጠብኳት ነው። አረፋው ውስጥ ሆና “ማማ፣ አባባ ያንቺ አባት ናቸው አይደል?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “የኔስ ስሙ ማን ነው?” ይሄን ጥያቄ ስድስት ዓመት ስጠብቀው ነበር። የተዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ስሙን ብቻ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ደገመችው። ፀጉሯ ሳይደርቅ ደብተር አምጥታ ጻፈችው። “በአረብኛስ እንዴት ይጻፋል?” አለች። አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ስኖር ንግግሩን ለመድኩ እንጂ ፊደሉን ያስተማረኝ የለም። የሆስፒታሉን ወረቀት ከላስቲኩ አውጥተን ዘረጋነው። የኔን ስም በጣቴ አሳየኋት። የአባት በሚለው ቦታ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ትንሽ አየችው። ከዚያ በአማርኛ የጻፈችውን ገጽ ከደብተሯ ቀድዳ፣ አጣጥፋ፣ ከወረቀቱ ጋር ላስቲኩ ውስጥ ከተተችው።

ደህና እደሩ።