ይቺ ስትበላሽ በየት እናወጣታለን?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ አንዲት ቫልቭ፣ ማለትም የውኃ መክፈቻና መዝጊያ፣ ላጫውታችሁ ነው።

ከዓመታት በፊት የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ገንብተን ጨረስን። በርክክቡ ዕለት የጥገና ኃላፊው ፓምፕ ቤት ገባ። ጥግ ላይ የተተከለችውን ትልቅ ቫልቭ አየት አደረገና «ይቺ ስትበላሽ በየት እናወጣታለን?» አለ። ሁላችንም ዝም። ተቋራጩ በስዕሉ መሠረት ገንብቷል። አቅራቢው የታዘዘውን ልኳል። ቫልቯ ግን ግድግዳ ካልፈረሰ አትወጣም።

በጣም ነው ያዘንኩት። አቅራቢውን ቀድመን ብንጠይቀው በአምስት ደቂቃ ይነግረን ነበር። ቫልቯን ለመፍታት ስንት ሜትር ክፍት ቦታ እንደሚያስፈልግ፣ የቱ ክፍል ቶሎ እንደሚያልቅ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? እኛ የጠየቅነው ዋጋውን ብቻ ነበር።

የለንደኑን ሂትሮው ኤርፖርት ተርሚናል 5 ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። የያኔው ባለቤት፣ ቢኤኤ የተባለው ኩባንያ፣ የግንባታውን ኪሳራ ስጋት ራሱ ተሸከመ። ተቋራጮችና አቅራቢዎች እንደ አንድ ቡድን ሠሩ። ጥፋት ማላከክ ስለማያዋጣ ችግር ሲፈጠር አይደበቅም። ሥራው በጊዜውና በበጀቱ አለቀ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 2008 ሲከፈት ግን የሻንጣው ነገር ተመሰቃቀለ፤ ብዙ በረራ ተሰረዘ። የሠራተኞቹ ሥልጠናና የሲስተሙ ፍተሻ በቂ አልነበረም። እኔ ይህን ሳይ ያ የጥገና ኃላፊ ትዝ ይለኛል። ሕንፃውን ለዓመታት የሚይዘው ሰው ከመጀመሪያው አብሮ መቀመጥ አለበት።

መረጃውም እንደዚያው ነው። የዕቃው መለያ ቁጥር፣ መለዋወጫው፣ የጥገና ጊዜው ዕቃው ሲገጠም አብሮ ይመዝገብ። በርክክብ ቀን በካርቶን የሚመጣ ወረቀት ማን ያገላብጠዋል?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። አቅራቢን ለምክር ጠርተን፣ ሐሳቡን በነፃ ወስደን፣ ጨረታውን ለሌላ የምንሰጥ ከሆነ ሁለተኛ አይመጣም። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አልመጣም። ስለዚህ ለምክሩ ይከፈለው። ክፍያው ገና በዲዛይን ውሉ ውስጥ ይግባ። አሁን የምሠራበት ቦታ ይህን ለማስገባት ሦስት ስብሰባ ፈጅቶብኛል። አራተኛው ሰኞ ነው፤ የጥገና ኃላፊውንም ጠርቼዋለሁ።