ለሃሚንግበርድ ማር አትስጡ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ)፦ የእኔ ሃሚንግበርድ፣ ያቺ ከአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ የምትጠጣው ትንሿ ወፍ፣ ዓመቱን ሙሉ በረንዳዬ ላይ ናት። ቨርጂኒያ ያለችው የእህቴ ግን ብርድ ሲመጣ ትጠፋለች። ለምን?

መልስ፦ ወፎቹ አንድ ስላልሆኑ ነው፣ እህቴ። ያንቺዋ አናስ ሃሚንግበርድ ትባላለች፤ ወንዱ አናቱም ጉሮሮውም ሮዝ ነው። የእህትሽ ሩቢ ትሮትድ ናት፤ የእሷ ወንድ ጉሮሮው ብቻ ነው የሚቀላው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባሕር ዛፉ፣ ያው እኛም አገር ያለው የአውስትራሊያ ዛፍ፣ በብርዱ ወራት ስለሚያብብ አናስ ምግብ አታጣም፤ በዲሴምበር ጎጆ የምትሠራም አለች። በምሥራቁ ግን አበባው ይረግፋል። ሩቢ ትሮትድ 3 ግራም ገደማ ናት፤ ከመሄዷ በፊት ትሰባለች፣ ክብደቷ እጥፍ ሊሆን ይደርሳል፣ ከዚያ ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፉ ያቋርጣሉ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ለሃሚንግበርድ የሰቀልኩትን የስኳር ውሃ መመገቢያ ካላነሳሁ ሳትሄድ ትቀራለች?

መልስ፦ አትቀርም። ተነሺ የሚላት የቀኑ ማጠር ነው። የመጨረሻዋን ካየህ በኋላ ሁለት ሳምንት ተወው፣ መንገደኛ ይጠጣበታል። ማር ግን እንዳታደርግበት።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ስኳር ጥሩ አይደለም ብዬ ንጹሕ ማር በውሃ በጥብጬ፣ ቀይ ቀለም ጨምሬ ሰጠኋቸው። ደግ አደረግኩ?

መልስ፦ እማማ፣ ዛሬውኑ ይድፉት። ከደግነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁላችንም ማር መድኃኒት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ግን ማር በውሃ ሲበጠበጥ ብርዝ ነው። ብርዝ ፀሐይ ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ይፈላል፣ ሻጋታም ቶሎ ያወጣል፤ ያ ሻጋታ ወፏን ሊገድላት ይችላል። ባለፈው ጁላይ አንድ ቤት ሄጄ መመገቢያውን አወረድኩት። መጠጫ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ በጣቴ ስነካው ያሟልጫል። ወፏ በቀን ስንት ጊዜ ምላሷን እዚያ ውስጥ እንደምትከት ያስቡት! አንድ ኩባያ ነጭ ስኳር፣ አራት ኩባያ ውሃ፤ በቃ። ቡናማ ስኳር አይሆንም፣ ስኳር አልባ ማጣፈጫ አይሆንም፣ ቀለምም አያስፈልግም፤ የመመገቢያው ቀይ ፕላስቲክ ይበቃታል። ሲሞቅ በየሁለት ቀኑ ይለውጡት፣ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይጠቡት። ማጠቡ ከከበደዎት አይስቀሉት፣ አበባ ይትከሉላት።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥስ አለች?

መልስ፦ የለችም፤ ሃሚንግበርድ ያለችው በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው። አገር ቤት አበባ ላይ የምታዩዋት ሰንበርድ ናት፤ አንደኛዋ ዝርያ እንዲያውም በተከዜ ስም ነው የምትጠራው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ በጠዋት ቅርንጫፍ ላይ ላባዋን ነፍታ ድርቅ ብላ አገኘኋት። ሞታለች?

መልስ፦ ላትሞት ትችላለች። አናስ በብርድ ሌሊት ጉልበት ለመቆጠብ የሰውነቷን ሙቀትና የልብ ምቷን በጣም ትቀንሳለች። አትንካት፣ ቀስ ብላ ትነቃለች። መሬት ላይ ወድቃ ወይም ክንፏ ተንጠልጥሎ ካየህ ግን ቤት አስገብተህ ላሳድጋት አትበል፣ ያለ ፈቃድ ማቆየት በሕግም ክልክል ነው። ማርም አታቅምሳት። ፈቃድ ላለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ቶሎ ደውል።